ልብ ሲሄድ ወዴት ይሄዳል? ሌሊቱንና ቀኑን በአንድ ደብተር

ሥራዬ እርማት ነው፤ ሌሎች የጻፉትን እያነበብኩ የተገደፈውን እመልሳለሁ። አንድ ገጽ ጨርሼ ስለ ምን እንደሚያወራ ሳላውቅ የቀረሁበት ቀን ብዙ ነው። ዓይኔ መስመሩን ይከተላል፣ ልቤ የለም። ለዓመታት በስንፍና ራሴን ስወቅስ ኖርኩ፤ በኋላ ግን መቁጠር ጀመርኩ።

እናንተም ደብተር ያዙና ገጹን በመስመር ለሁለት ክፈሉት፤ ግራው ለሌሊት፣ ቀኙ ለቀን ይሁን። የሌሊቱን የምትጽፉት እንደነቃችሁ፣ ከአልጋ ሳትወርዱ ነው። ስልክ አትንኩ፤ ህልም በደቂቃዎች ውስጥ ይተናል። ተመራማሪዎቹ አሴሪንስኪና ክላይትማን እ.ኤ.አ. በ1953 የገለጹት፣ ዓይን የሚርገበገብበትና ደማቅ ህልም የሚበዛበት የእንቅልፍ ምዕራፍ በየ90 ደቂቃው ገደማ ይመለሳል፤ ወደ ንጋት ሲቃረብም ይረዝማል። ከስምንት ሰዓት እንቅልፍ የመጨረሻውን ሁለት ሰዓት የቆረጠ ሰው፣ ከእንቅልፉ ሩቡን ቢያጣም ከህልሙ የሚያጣው ከሩብ ይበልጣል።

ለቀኑ ደግሞ ልባችሁ መሄዱን ባወቃችሁ ቁጥር ነጥብ አድርጉ፤ ሰዓቱንና ሐሳባችሁ የነበረበትን በሁለት ቃል ጨምሩበት። ነጥቡ ቢበዛ አትደንግጡ። ኪሊንግስወርዝና ጊልበርት እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ በስልክ የተጠየቁ ሰዎች 46.9 በመቶ በሆነው ጊዜ ሐሳባቸው ከያዙት ሥራ ውጭ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ነጥቦቹን በሁለት ለዩዋቸው። ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ የሁለቱ መድኃኒት አንድ አይደለምና።

የመጀመሪያው ባዶው ነው። «የት ነበርኩ?» ስትሉ መልስ የለውም። ነቅተን ሳለንም የአንጎል ክፍሎች ለአፍታ እንቅልፍ የሚመስል ዘገምተኛ ሞገድ ያሳያሉ፤ ድካም ሲበረታም ይህ ይብሳል። ስለዚህ ጥርስ ነክሶ መታገል አይረዳም። የ20 ደቂቃ ሸለብታ ይረዳል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማታ ቀድሞ መተኛት። ቡናን እንደ ማካካሻ አትቁጠሩት፤ ካፌይን እኩሌታው እንኳ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። እያሽከረከራችሁ ባዶው ከመጣባችሁ መኪናውን አቁሙ። በቂ ተኝታችሁም ለሳምንታት ካልቀነሰ ሐኪም አማክሩ።

ሁለተኛው ሐሳብ ያለበት ነው፤ ያልተከፈለ ዕዳ፣ ያልተነገረ መልስ፣ የነገ ሥራ። ይህኛውን ከግራው ዓምድ ጋር አስተያዩት። ሥራ ስንፈታ የሚነቃውና የአንጎል ተመራማሪው ማርከስ ራይክልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ትኩረት የሳቡበት የአንጎል መረብ፣ አብዛኛው ክፍሉ ህልም በሚበዛበት እንቅልፍም ይሠራል። ሐሳብን ገርቶ የሚይዘው የፊተኛው ክፍል በዚያ ሰዓት ስለሚዳከም ያው የቀኑ ጉዳይ ልብስ ቀይሮ ይመጣል። እኔ ህልም ፈቺ አይደለሁም፤ ምስሉ ምን ማለት እንደሆነ አልመረምርም። የምመዘግበው ስሜቱን ነው፤ ፍርሃት፣ ጥድፊያ፣ እፍረት። የሚመሳሰለው እሱ ነውና።

በእኔ ደብተር ግራው ላይ አምስት ጊዜ «ባቡር አመለጠኝ፤ ጥድፊያ» የሚል ነበር። ቀኙ ላይ ደግሞ ለወራት መልስ ያልሰጠሁት አንድ ደብዳቤ ይመላለስ ነበር፤ እሱም ጥድፊያ።

ለዚህ ዓይነቱ የሚበጀው ከመኝታ በፊት አምስት ደቂቃ ወስዶ የሚቀጥሉትን ቀናት ሥራ በዝርዝር መጻፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ አንድ ጥናት እንዲህ የጻፉ ወጣቶች፣ የጨረሱትን ሥራ ከጻፉት 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። አምስት ሰጥቶ ዘጠኝ መቀበል ደህና ንግድ ነው። «ሥራ» ብላችሁ አትለፉት፤ ለማን፣ ምን፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጻፉ።

እኔም «ደብዳቤው፣ ጠዋት፣ ከእርማት በፊት» ብዬ ጻፍኩ፤ በማግሥቱም መለስኩ። ባቡሩ ሁለት ሌሊት ደግሞ አመለጠኝ። በሦስተኛው ተሳፈርኩ፤ ቲኬት ግን አልያዝኩም ነበር።