ተማሪዎችን ይዞ ወደ ዓመታዊ የፊዚክስ ጉባኤ ሲኬድ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የምርምር ቡድኔን ተማሪዎች ይዤ ወደ ዓመታዊ የፊዚክስ ጉባኤዎች መመላለስ ከጀመርኩ ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ በየዓመቱ የማያቸው ስህተቶች ግን እምብዛም አልተለወጡም። አብዛኞቹም የተማሪዎቹ ሳይሆኑ የእኛ የአማካሪዎቻቸው ናቸው። ከዚህ በታች ከማነሣቸው ውስጥ እኔ ራሴ ያልሠራሁት ቢፈለግ አንድ ወይም ሁለት ቢገኝ ነው።

ስህተቱ የሚጀምረው ማንም ስለ ሻንጣ ከማሰቡ በፊት፣ አብስትራክት (የሚቀርበው ሥራ አጭር ማጠቃለያ) ሲጻፍ ነው። ትልልቆቹ ጉባኤዎች አብስትራክት መቀበል የሚያቆሙት ከመክፈቻው ወራት ቀደም ብለው ነው፤ የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር በማርች ለሚያካሂደው ጉባኤ ቀነ ገደቡ አብዛኛውን ጊዜ ኦክቶበር ላይ ይውላል። ስለዚህ ተማሪው ገና ያልለካውን ነገር እንደተለካ አድርጎ ለመጻፍ ይፈተናል። አንድ ተማሪዬ ስለ አንድ ቁስ የሽግግር ሙቀት (ቁሱ ጠባዩን ስለሚለውጥበት ሙቀት) የሚያወራ ርዕስ ካስገባ በኋላ የማቀዝቀዣው መሣሪያ ሂሊየም ማፍሰስ ጀመረና ልኬቱ ለሁለት ወራት ቆመ፤ በጉባኤው ቀን ርዕሱ ሽግግር አለ ሲል ከሥሩ ያለው ግራፍ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ያሳይ ነበር። ርዕሱን አንብቤ ያጸደቅኩት እኔ ነበርኩ። በአብስትራክቱ ውስጥ መስፈር ያለበት ዛሬ በእጅ ያለው ውጤት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተገኘው በመድረክ ላይ ቢጨመር የሚቀየም የለም። ከመላኩም በፊት ስማቸው የሰፈረው ብቻ ሳይሆኑ መስፈር የነበረበት ሰዎችም ሊያዩት ይገባል። ናሙናውን ያዘጋጀችልንን ባልደረባ ስም ዘንግተን መርሐ ግብሩ ከታተመ በኋላ ይቅርታ መጠየቅ ምን ያህል እንደሚያሳፍር አውቀዋለሁ።

የቪዛውን ጉዳይ ተማሪው ብቻውን እንዲጨርሰው መተው ሌላው ነው። ለብዙ የአውሮፓ አገሮች በአንድነት የሚያገለግለው የሼንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ማስገባት ይቻላል፤ መደበኛው የውሳኔ ጊዜ 15 ቀን ቢሆንም እስከ 45 ቀን ሊራዘም ይችላል፤ ቀጠሮ ለማግኘት የሚጠበቀው ጊዜ ደግሞ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። በአንድ ቡድን ውስጥ የተለያየ ፓስፖርት የያዙ ተማሪዎች ስለሚኖሩ፣ መሪው እያንዳንዳቸው ምን እንደሚያስፈልጋቸው አብስትራክቱ በገባበት ሳምንት መጠየቅ አለበት።

ተማሪ ከኪሱ ከፍሎ በኋላ እንዲመለስለት በማድረግ ልማድ ላይ ትዕግሥቴ አልቋል። የመመዝገቢያው፣ የትኬቱና የሆቴሉ ወጪ ሲደመር ከተማሪ የወር ገቢ ሊበልጥ ይችላል፤ የሚመለሰውም ደረሰኝ ተሰብስቦ፣ ፊርማ ተለምኖ፣ ከወራት በኋላ ነው። ያለው ተማሪ ዝም ብሎ ይከፍላል፤ የሌለው «ሥራዬ ለዚህ ዓመት አልደረሰም» ብሎ ይቀራል፤ እኛም አምነነው እናልፋለን። እኔ አንዱን ተማሪ ሁለት ዓመት አምኜ አልፌዋለሁ። ሊከፈል የሚችለውን ሁሉ መሪው በቀጥታ ከቡድኑ በጀት አስቀድሞ ይክፈል።

ልምምድን በሰዓት አለመለካት የታወቀ ጥፋት ስለሆነ ብዙ አልልበትም። ከላይ በጠቀስኩት የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር ጉባኤ ለአንድ መደበኛ ንግግር የሚሰጠው 10 ደቂቃ፣ ለጥያቄ ደግሞ 2 ደቂቃ ነው፤ ተማሪዎች ግን የሁለት ዓመት ሥራቸውን በሙሉ በ25 ስላይድ አጭቀው ይመጣሉ። ጊዜው አይበቃም ለሚሉኝ የማነሣላቸው አንድ ምሽት አለ። እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 1987 በኒው ዮርክ በዚሁ ማኅበር ጉባኤ ላይ፣ በዚያን ጊዜ አዲስ ስለነበሩት የከፍተኛ ሙቀት ሱፐርኮንዳክተሮች (ከቀድሞዎቹ ከፍ ባለ ሙቀት ኤሌክትሪክን ያለ ተቃውሞ ስለሚያሳልፉ ቁሶች) ለመናገር 51 ሰዎች ተሰልፈው ክፍለ ጊዜው ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው ያበቃው፤ ለአብዛኞቹ የደረሳቸውም አምስት ደቂቃ ገደማ ብቻ ነበር። ለእነርሱ ያ ከበቃ አንድ ግራፍ ለማስረዳት 10 ደቂቃ ይተርፋል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ተማሪዋ ንግግሯን በሚገባ ጨርሳለች። ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ተነሥቶ የልኬቷ የስህተት ወሰን እንዴት እንደተሰላ ይጠይቃታል። እርሷ ለማሰብ ሦስት ሰከንድ ያህል ዝም ስትል፣ ከፊተኛው ረድፍ አማካሪዋ ወደ ጠያቂው ዘወር ብሎ መልሱን ይሰጥላታል። ጠያቂውም ከዚያ በኋላ የሚያነጋግረው እርሱን ነው፤ ሁለቱ በእርሷ ራስ ላይ ሲመላለሱ እርሷ የሌዘር ጠቋሚዋን እንደያዘች መሐል ቆማ ትቀራለች፤ ሰብሳቢው ሰዓት አልቋል ብሎ ቀጣዩን ይጠራል። ስትወርድ ሊያነጋግራት የሚጠብቅ ሰው የለም፤ የሚፈልጉት ሁሉ ፊተኛው ረድፍ ላይ ተሰብስበዋል። ለወራት ስትዘጋጅበት የቆየችው ሥራ በሦስት ሰከንድ ትዕግሥት ማጣት የሌላ ሰው ሆነ። አማካሪው ግን ያዳናት ይመስለዋል! እንዲህ የምናገረው ይህን ራሴ ለዓመታት ስላደረግኩት ነው። ያስተወኝም አንድ ተማሪዬ ከመድረክ ወርዶ፣ ሳይቆጣ፣ «በሚቀጥለው ጊዜ እርስዎ ቢያቀርቡት አይሻልም?» ብሎ የጠየቀኝ ጥያቄ ነው። ከዚያ ወዲህ የምቀመጠው በመጨረሻው ረድፍ ነው። ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት ደግሞ ከሌላ ቡድን ሰዎችን ጋብዤ ተማሪዎቹን ያለ ርኅራኄ እንዲጠይቋቸው አደርጋለሁ፤ «ያንን አልለካንም፤ ብንለካው ግን እንዲህ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ» ማለት ሙሉ መልስ መሆኑንም እነግራቸዋለሁ። አፌን የምከፍተው ጠያቂው መሳደብ ጀምሮ ሰብሳቢው ዝም ያለ እንደሆነ ብቻ ነው። ሥራው በሰሌዳ ላይ ተለጥፎ በሚቀርብበት በፖስተር ክፍለ ጊዜም ነገሩ ያው ነው፤ አማካሪው ከፖስተሩ አጠገብ ከቆመ ተማሪው አስጎብኚ ሆኖ ይቀራል።

ቡድኑ እንደ መንጋ አብሮ እንዲሄድ መፍቀድም ስህተት ነው። ከአሥር ሺህ በላይ ሰው በሚገኝበትና በርካታ አዳራሾች በአንድ ሰዓት በሚሠሩበት ጉባኤ፣ ስድስት ተማሪዎች አንድ ረድፍ ይዘው ተቀምጠው እርስ በርስ ሲያወሩ ማየት ያሳዝነኛል፤ ይህን በቤተ ሙከራቸውም ያደርጉት ነበር። ጀማሪ ሰው እንግዳን ለማነጋገር መፍራቱ አይደንቅም፤ እኔም በመጀመሪያው ጉባኤዬ ሦስት ቀን ሙሉ ከማንም ጋር ሳልነጋገር ውያለሁ። አሁን እያንዳንዱ ተማሪ በየቀኑ ከቡድኑ ማንም የማይገባበትን አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻውን እንዲከታተልና ማታ ለሌሎቻችን እንዲነግረን አደርጋለሁ። ከአዳራሽ አዳራሽ እየሮጡ በየአሥር ደቂቃው ሌላ ንግግር ለመስማት መሞከር ግን ድካም ብቻ ነው።

ጥቃቅኖቹን በአጭሩ ላንሣ። የቀስተ ደመና ቀለማት ያሉትን ግራፍ ይተዉ፤ ከአድማጮች መካከል ቀይና አረንጓዴን የማይለይ ሰው አይጠፋም፤ ግራፍ መሥሪያው ሶፍትዌር ማትፕሎትሊብ እንኳን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ መነሻ የቀለም ስብስቡን እንዲህ ያለ ሰውም የሚለየውን ቪሪዲስን አድርጎታል። ፖስተሩን ከማሳተምዎ በፊት የሰሌዳውን ልክ ያንብቡ። ስላይዱን በፒዲኤፍ፣ በሁለት ቦታ ይያዙ፤ የላፕቶፕዎን ማገናኛም አይርሱ። ተማሪ ችግር ወይም ትንኮሳ ቢደርስበት ለማን እንደሚደውል ከጉዞው በፊት ይንገሩት፤ ያ ሰው እርስዎ ብቻ መሆን የለበትም። ሆቴልና ትኬት ሲይዙ ገንዘብ የሚመለስበትን ደንብ ይመልከቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በዴንቨር ሊካሄድ የነበረው የማርች ጉባኤ በኮሮና ምክንያት የተሰረዘው ሊከፈት አንድ ቀን ያህል ሲቀረው ሲሆን፣ ብዙዎች ከተማው ገብተው ነበር።

የመጨረሻው የመመለሻ ትኬት ነው። መርሐ ግብሩ ከመውጣቱ በፊት ትኬት የቆረጠ መሪ፣ ተማሪው በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ሲመደብ ምን ሊያደርግ ነው? እኔ ቀድሜ ሄጃለሁ። ተማሪዬ የተናገረው አምስት ሰዎች ብቻ ለቀሩበት አዳራሽ ነበር፤ ከእነርሱም አንዷ የምንከራከርበትን የልኬት ዘዴ የምታውቅ ሰው ኖራ ጥሩ ጥያቄ ጠይቃዋለች። ይህን የሰማሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ በቤተ ሙከራ ስንገናኝ ሲሆን፣ ጥያቄው በትክክል ምን እንደነበር እርሱም አያስታውስም፤ ስሟንም አልጠየቃትም ነበር።