የልብ ቫልቭ መፍሰስን እንዴት እንረዳ? ቀዶ ሕክምናስ መቼ ያስፈልጋል?

ቫልቭ ደም በልብ ውስጥ ወደ ፊት ብቻ እንዲሄድ የሚያደርግ በር ነው፤ በደንብ ሳይዘጋ ደም ወደ ኋላ ሲመለስ «ያፈሳል» ይባላል። «ቫልቭዎ ያፈሳል» የተባለ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው የትኛው ቫልቭ እንደሆነና መጠኑ ምን ያህል እንደሆነ ነው። ቀላል መፍሰስ በጤነኛ ሰው ላይም ስለሚታይ ብቻውን አያስደነግጥም፤ ከባድ የተባለው ግን ሕመም ባይሰማም ክትትሉ ሊቋረጥ አይገባም። በአገራችን በወጣቶች ላይ በብዛት የሚጎዳው በግራው የልብ የላይኛውና የታችኛው ክፍል መካከል ያለው ሚትራል የተባለው ቫልቭ ሲሆን፣ መነሻው በአብዛኛው በልጅነት በወጉ ያልታከመ የቶንሲል ሕመም የሚያስከትለው የሩማቲክ ትኩሳት ነው።

ቀጥሎ የኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ምርመራውን ሙሉ ውጤት በእጅዎ ይያዙ። እህቴን ለክትትል ሳመላልስ እንዳየሁት፣ ከቃል ማብራሪያ ይልቅ የሚጠቅመው ያለፈውንና የአሁኑን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ ቁጥሮቹን ማነጻጸር ነው፤ ለዚህም ምርመራው ከተቻለ በአንድ ቦታ ቢደረግ ይመረጣል።

ብዙ ሰው የሚዘናጋው «ኢጄክሽን ፍራክሽን» በሚለው ቁጥር ነው። ቁጥሩ የግራው የታችኛው የልብ ክፍል ከያዘው ደም በአንድ ምት ስንት በመቶውን እንደሚገፋ ያሳያል። 58 በመቶ ለሌላ ሰው መልካም ውጤት ነው። ሚትራል ቫልቩ ክፉኛ ለሚያፈስ ሰው ግን የልብ ጡንቻው መድከም መጀመሩን ይጠቁማል፤ ምክንያቱም ከተገፋው ደም ከፊሉ ወደ ሰውነት ሳይሄድ ወደ ላይኛው ክፍል ይመለሳል፣ ስሌቱ ደግሞ ወደፊት የሄደውንና ወደ ኋላ የተመለሰውን ሳይለይ አንድ ላይ ይቆጥራል። በመሆኑም የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት መመሪያ መሠረት፣ ከባድ የሚትራል መፍሰስ ያለበት ሰው ምንም ባይሰማው እንኳ ቁጥሩ 60 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን፣ ወይም ልብ ሲኮማተር የግራው የታችኛው ክፍል ስፋት 40 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲደርስ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል።

ምልክት ከታየ ቁጥሩን መጠበቅ አያስፈልግም። ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ማጠር፣ ትራስ ሳይደራርቡ መተኛት አለመቻል፣ የእግር ማበጥ ዋናዎቹ ናቸው። ታማሚው ሳያውቀው እርምጃውን እየቀነሰ ስለሚሄድ «ደህና ነኝ» ማለቱ አይበቃም፤ አምና ሳያርፍ ይወጣው የነበረውን ዳገት ዘንድሮ እንዴት እንደሚወጣው ቤተሰቡን ይጠይቁ። ሽንት የሚያሸና መድኃኒት እብጠቱንና ትንፋሹን ያቀላል እንጂ ቫልቩን አይጠግንም፤ እፎይታውን እንደ መዳን መቁጠር አደገኛ ነው።

ቀዶ ሕክምናው ከተወሰነ፣ ቫልቩ መጠገን ይችል እንደሆነ ይጠይቁ፤ ሲቻል ከመቀየር ይመረጣል፣ ነገር ግን በሩማቲክ ሕመም የጠነከረ ቫልቭ ብዙ ጊዜ ለጥገና ያስቸግራል። የብረት ቫልቭ ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) መውሰድንና የደም ምርመራን ያስከትላል። ዋርፋሪን ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል፣ መውለድ የምትፈልግ ሴት ቫልቩ ከመመረጡ በፊት ለሐኪሟ በግልጽ መንገር አለባት። ከእንስሳ ሕብረ ሕዋስ የሚሠራው ቫልቭ ይህን ሸክም ያቀላል፤ በወጣቶች ላይ ግን ፈጥኖ ስለሚያረጅ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ሊጠይቅ ይችላል። መነሻው ሩማቲክ ከሆነ፣ ትኩሳቱ እንዳያገረሽ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የሚሰጠው የፔኒሲሊን መርፌ ሐኪም ካላቆመው በቀር ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ይቀጥላል።