ለብቻው ለሚሠራ መስኮት አጽጂ የሴፍቲ ወረቀት እንዴት ይዘጋጃል? (ብሪታንያ)

ብሪታንያ ውስጥ የመኖሪያ ቤት መስኮት ብቻ የሚያጸዳ ሰው ወረቀት ሳይጠየቅ ዓመታት ሊሠራ ይችላል። ነገሩ የሚለወጠው የመጀመሪያው ሱቅ፣ ክሊኒክ ወይም ትምህርት ቤት ሲገኝ ነው። በዋጋ ተስማምታችሁ ቀን ከቆረጣችሁ በኋላ "ራምስና የኢንሹራንስ ሰርተፊኬት ላኩልን" የሚል ኢሜይል ይመጣል። ራምስ የሚሉት ሪስክ አሰስመንት (የአደጋ ግምገማ) እና ሜተድ ስቴትመንት (ሥራው በቅደም ተከተል እንዴት እንደሚሠራ የሚገልጽ) የሚባሉትን ሁለት ወረቀቶች አንድ ላይ ነው። ያን ማታ ከኢንተርኔት 40 ገጽ አውርዶ ስም ቀይሮ መላክ ያጓጓል። አታድርጉት፤ ለምን እንደሆነ ሪስክ አሰስመንቱ ጋ ስንደርስ እናየዋለን።

ሕጉ ከምትገምቱት ያነሰ ወረቀት ነው የሚጠይቀው። በ1974 የወጣው የሥራ ጤናና ደኅንነት ሕግ፣ ሥራው ሌላ ሰው ላይ አደጋ የማያመጣ ሴልፍ ኢምፕሎይድን (ለራሱ የሚሠራን ሰው) ከ2015 ጀምሮ ነፃ አድርጎታል። እግረኛ በሚያልፍበት መንገድ ላይ መሰላል የሚያቆም ወይም ከሰው ራስ በላይ ረጅም ፖል (ጫፉ ላይ ብሩሽ ያለው፣ ውሃ በጎማ የሚመጣለት ዘንግ) የሚይዝ ሰው ግን እዚህ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ አደጋውን የመገምገም ግዴታ አለባችሁ። ግምገማውን በጽሑፍ የማስፈር ግዴታ ያለበት 5 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ብቻ ነው። ሜተድ ስቴትመንት ደግሞ ለዚህ ዓይነት ሥራ ደንበኛው እንጂ ሕጉ አይጠይቀውም። ሁለቱንም ጻፉ፤ ያለነሱ የንግድ ቤት በር አይከፈትም።

ስኮትላንድ የምትሠሩ ከሆነ ከዚህ ሁሉ በፊት ካውንስሉን የመስኮት አጽጂ ላይሰንስ ጠይቁ። ካውንስሉ ላይሰንስ የሚጠይቅ ከሆነ ያለሱ መሥራት ጥፋት ነው።

1. ኢንሹራንስ

ፐብሊክ ላያቢሊቲ (በሥራችሁ ሌላ ሰው ወይም ንብረቱ ሲጎዳ የሚከፍለው ኢንሹራንስ) በሕግ ግዴታ አይደለም፤ ያለሱ ግን የንግድ ሥራ የለም። ትንንሽ ሱቆች ብዙ ጊዜ በ2 ሚሊዮን ፓውንድ ሽፋን ይረካሉ፤ ካውንስሎችና ትልልቅ የሕንፃ አስተዳዳሪዎች 5 ወይም 10 ሚሊዮን ይጠይቃሉ። ስትገዙ ዋጋውን ከማየታችሁ በፊት ሦስት ነገር ፈልጋችሁ አንብቡ። አንደኛ የከፍታ ገደብ፦ ፖሊሲው እስከ 10 ሜትር ከሆነና አራተኛ ፎቅ ከሠራችሁ ኢንሹራንስ የላችሁም ማለት ነው። ሁለተኛ፣ የምታጸዱት ዕቃ ራሱ ላይ የሚደርስ ጉዳት፦ በብሌድ የጫራችሁት መስታወት በብዙ ፖሊሲ ውስጥ ለብቻው ካልተጨመረ አይከፈልም። ሦስተኛ፣ የደንበኛ ቁልፍ ከያዛችሁ የቁልፍ መጥፋት።

ጓደኛ ወይም የሩቅ ዘመድ "ለሁለት ቀን ላግዝህ" ብሎ ሲመጣ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። የሚሠራበትን ዕቃ ከሰጣችሁት፣ ሰዓቱን ከወሰናችሁና አሠራሩን የምታዙት እናንተ ከሆናችሁ፣ "እሱም ሴልፍ ኢምፕሎይድ ነው" ማለት ብቻውን አያድናችሁም። በሕግ ፊት አሠሪ ልትሆኑ ትችላላችሁ፤ ያኔ ኢምፕሎየርስ ላያቢሊቲ (ሠራተኛ ሲጎዳ የሚከፍለው ኢንሹራንስ) ግዴታ ነው። ዝቅተኛው ሽፋን 5 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሆን፣ ያለሱ መገኘት በቀን እስከ 2,500 ፓውንድ ያስቀጣል።

2. ሕንፃውን ዞራችሁ እዩ

ወረቀት ከመክፈታችሁ በፊት ስልካችሁን ይዛችሁ ሂዱና በአራቱም ጎን ፎቶ አንሱ። ቫኑ የት እንደሚቆም፣ የውሃው ጎማ በየት በኩል እንደሚዘረጋ፣ የሰው መግቢያ በር የትኛው እንደሆነ፣ መሬቱ ሣር፣ ተዳፋት ወይም አረንጓዴ ሻጋታ የያዘ ንጣፍ መሆኑን እዩ። ቀና ብላችሁም የኤሌክትሪክ ሽቦ ፈልጉ። ከመስኮት በታች የፕላስቲክ ወይም የመስታወት ጣሪያ ካለ፣ የበሰበሰ የእንጨት ፍሬም ካለ ምልክት አድርጉ። ከ20 ደቂቃ አይበልጥም፤ የወረቀቱ ግማሽ ግን እዚህ ላይ ያልቃል።

3. ሪስክ አሰስመንት

ኤች ኤስ ኢ፣ ማለትም የመንግሥት የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪው፣ ድረ ገጹ ላይ ነፃ ቅጽ አለው። እሱ ይበቃል፤ ለዚህ ተብሎ ለሚሸጥ ሶፍትዌር ገንዘብ አታውጡ። ቅጹ የሚጠይቀው፦ አደጋው ምንድን ነው፣ ማን እንዴት ሊጎዳ ይችላል፣ አሁን ምን እያደረጋችሁ ነው፣ ምን ይጨመራል፣ ማን ያደርገዋል፣ እስከ መቼ። ከ1 እስከ 5 ቁጥር እያባዙ በቀይና በአረንጓዴ የሚቀባውን ሠንጠረዥ ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ማንም አያስገድዳችሁም። "3 ሲባዛ በ4" ብሎ የጻፈ ሰው ጎማውን የት እንደሚዘረጋ ላያውቅ ይችላል።

ትልቁ ችግር ቅጹን የሚሞላው ቃል ነው። ከተቀዳ ቅጽ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እንዲህ ያለ መስመር ነው፦ "አደጋ፦ መንሸራተትና መደናቀፍ። ማን፦ ሁሉም ሰው። መፍትሔ፦ ጥንቃቄ ማድረግ።" ይህ ለየትኛውም ሕንፃ ይሆናል፤ ስለዚህ ለየትኛውም አይሆንም።

ያንኑ መስመር ታች ፋርማሲ፣ ላይ የጥርስ ክሊኒክ ላለበት ሕንፃ እንጻፈው። "ጎማው ከቫኑ እስከ ፊት ግድግዳ 12 ሜትር ያህል የእግረኛ መንገድ ያቋርጣል። ወደ ፋርማሲው የሚገቡ አረጋውያንና የሕፃን ጋሪ የሚገፉ ሰዎች ሊደናቀፉ፣ ከፖሉ በሚንጠባጠበው ውሃም ሊንሸራተቱ ይችላሉ። ሥራው የሚጀመረው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲሆን ፋርማሲው ከሚከፈትበት 3 ሰዓት በፊት የፊቱ ጎን ያልቃል። ጎማው ቢጫ ነው፤ ግድግዳውን ተከትሎ ይዘረጋል፤ መንገዱን በሚያቋርጥበት ቦታ በጎማ መሸፈኛ ይሸፈናል። ሁለት ኮንና ሁለት የማስጠንቀቂያ ምልክት በሁለቱም አቅጣጫ ይቆማሉ። ሰው ሲያልፍ ብሩሹ ከመስታወቱ ሳይነሳ ሥራው ይቆማል።" ስትልኩት በእንግሊዝኛ ይሆናል፤ ሰዓቱንም በእንግሊዝ አቆጣጠር 7 እና 9 ብላችሁ ጻፉ። መጀመሪያ በአማርኛ አስባችሁ ብትጽፉት ግን ዝርዝሩ አያመልጣችሁም።

የተቀዳ ቅጽ የሚያመጣው ጣጣ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቅጹ ስለ ቼሪ ፒከር (ሰውን ወደ ላይ የሚያነሳ ማሽን) እና ስለ ሃርነስ (እንዳይወድቁ የሚታሰሩበት ቀበቶ) ያወራል፤ የደንበኛው የሴፍቲ ኃላፊ አንብቦ የአይፓፍ ካርዳችሁን (በማሽኑ ለመሥራት መሠልጠናችሁን የሚያሳየውን) እና የማሽኑን የ6 ወር ምርመራ ወረቀት ይጠይቃል። እናንተ ያላችሁ ፖል ብቻ ነው። ሁለተኛውና የባሰው አደጋ ሲደርስ ነው። ወረቀቱ "ሁለት ሠራተኛ ይኖራል፣ ቦታው በአጥር ይከለላል" ይላል፤ እናንተ ብቻችሁን ያለ አጥር ስትሠሩ ነበር። የጻፋችሁት ቃል የገባችሁት ነው፤ የማታደርጉትን አትጻፉ።

ከጎማውና ከእርጥብ መንገዱ ሌላ እነዚህ እንዳይቀሩ። ኤሌክትሪክ፦ የካርቦን ፖል ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ፋይበርግላስም ሲረጥብና ሲቆሽሽ አይታመንም። ፖሉ ተዘርግቶ ወይም ወድቆ ሽቦ ሊደርስበት የሚችል ጎን ካለ "ይህ ጎን አይሠራም" ብላችሁ ጻፉ። ነፋስ፦ የቁጥር ገደብ ከመቅዳት "ብሩሹን መስታወቱ ላይ ማቆየት ካልተቻለ ሥራው ይቆማል" ማለት ይሻላል። ቫን፦ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ 400 ሊትር የያዘ ታንከር በፍሬን ጊዜ ከበስተኋላችሁ 400 ኪሎ ሆኖ ይመጣል። በምን እንደታሰረና ቫኑ የሚፈቀድለትን ክብደት አስፍሩ። ብቻ መሥራት፦ ለማን በስንት ሰዓት ስልክ እንደሚደወል።

ሌጂዮኔላን፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚራባውን ሳንባ የሚያሳምም ባክቴሪያ፣ ብዙዎች ይረሱታል። የተጣራ ውሃ የካርቦን ፊልተር ስላለፈ ክሎሪን የለውም፤ ባክቴሪያው ደግሞ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ሙቀት ይራባል። በበጋ ፀሐይ ላይ የቆመ ቫን ውስጥ ለሳምንታት የተቀመጠ ውሃ በብናኝ መልክ ሲወጣ ወደ ሳንባ ይገባል። የምትጽፉት አጭር ነው፦ ታንከሩ ሳይሠራ ከቆየ ውሃው ይደፋል፣ ታንከሩና ጎማው ይታጠባሉ፣ ቀኑ ይመዘገባል።

4. መሰላል

የ2005 የከፍታ ሥራ ደንብ ቅደም ተከተል አለው፦ ከተቻለ ከፍታ ላይ አትውጡ፤ ካልተቻለ እንዳትወድቁ አድርጉ፤ እሱም ካልሆነ የመውደቁን ጉዳት ቀንሱ። ከመሬት ሆኖ በፖል ማጽዳት የመጀመሪያውን ያሟላል፤ ወረቀቱ ላይ በግልጽ ጻፉት። መሰላል የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ "ፖል የማይደርስበት ምክንያት ይህ ነው" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ያስፈልጋል።

ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው። የተደገፈ መሰላል በ75 ዲግሪ ይቆማል፤ ወደ ላይ 4 ሲሄድ ከግድግዳው 1 መውጣት ማለት ነው። አንድ ቦታ ላይ ከ30 ደቂቃ በላይ አይሠራበትም፤ የሚያዘው ዕቃ ከ10 ኪሎ አይበልጥም፤ በላይኞቹ ሦስት መርገጫዎች ላይ አይቆምም። ከአየር ላይ የኤሌክትሪክ መስመር በአግድም 6 ሜትር ውስጥ አይቆምም። በፕላስቲክ አሸንዳና በመስታወት ላይ አይደገፍም፤ እንደ ጽዳት ሠራተኛ ይህ በየቀኑ የሚገጥማችሁ ስለሆነ ግድግዳው ላይ የሚያሳርፍ መደገፊያ መግዛት ግድ ነው። መሰላል የሚገዛ ሰው ኢኤን 131 ፕሮፌሽናል የሚለውን ይፈልግ፤ "ኖን ፕሮፌሽናል" የሚለው ለቤት አገልግሎት ነው። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት በየቀኑ እግሩን፣ መርገጫውንና መቆለፊያውን እዩ። ለዝርዝር ፍተሻው ደግሞ ለመሰላሉ ቁጥር ሰጥታችሁ ቀኑን መዝግቡ።

5. ኮሽ

ኮሽ የኬሚካል ደንቡ ነው። በንጹህ ውሃ ብቻ ለሚሠራ ሰው ይህ ክፍል ግማሽ ገጽ ይሆናል። ሳሙና፣ የሙጫ ማስለቀቂያ ወይም አሲድ ያለበት የኖራ እድፍ ማስለቀቂያ ካላችሁ ለእያንዳንዱ ሴፍቲ ዳታ ሺት (የኬሚካሉን የደኅንነት መረጃ ወረቀት) ከሻጩ ጠይቁ፤ በነፃ መስጠት አለበት። ወረቀቱ 16 ክፍል አለው፤ ለእናንተ የሚያስፈልጉት በዋናነት 2ኛው አደጋው፣ 4ኛው የመጀመሪያ እርዳታ፣ 7ኛው አያያዝ፣ 8ኛው ጓንትና መነጽር ናቸው። ዳታ ሺቱን አያይዞ መላክ ግን ግምገማ አይባልም። "ይህን ፈሳሽ በምን ያህል ውሃ በጥብጬ፣ የት ቦታ፣ ምን ጓንት አድርጌ እጠቀማለሁ" የሚለውን የምትጽፉት እናንተ ናችሁ። ኬሚካል ወደ ለስላሳ ጠርሙስ አትገልብጡ፤ የግድ ከሆነም ስሙና የአደጋ ምልክቱ ይለጠፍበት።

6. ሜተድ ስቴትመንት

ሪስክ አሰስመንቱ በደንብ ከተጻፈ ይህ ራሱ ይወጣል። ከመድረስ እስከ መሄድ በቅደም ተከተል፦ መምጣታችሁን ለማን ታሳውቃላችሁ፣ ቫኑ የት ይቆማል፣ ኮኑ ጎማው ከመዘርጋቱ በፊት ይቆማል፣ ክፍት መስኮት እንዲዘጋ ይጠየቃል፣ ከላይ ወደ ታች ይጸዳል፣ ጎማው ይጠቀለላል፣ ምልክቱ መጨረሻ ላይ መንገዱ ሲደርቅ ይነሳል። አንድ ገጽ፤ ቢበዛ ሁለት። የሕንፃው ፎቶ ላይ የጎማውን መስመርና የኮኖቹን ቦታ በቀይ ብታሰምሩ ከሦስት ገጽ ጽሑፍ ይበልጣል።

7. አደጋ ቢደርስ

አንድ ደብተር ያዙ፤ ሪፖርት የተደረገ አደጋ መዝገብ ቢያንስ 3 ዓመት ይቀመጣል። ሪዶር በሚባለው የሥራ አደጋ ማሳወቂያ ደንብ ማን ሪፖርት ያደርጋል የሚለው እንደ ቦታው ይለያያል። ደንበኛው ድርጅት ግቢ ውስጥ ወድቃችሁ ከጣት ሌላ አጥንት ከተሰበረባችሁ ወይም ከ7 ቀን በላይ መሥራት ካቃታችሁ ሪፖርት የሚያደርገው ቦታውን የሚቆጣጠረው ሰው ነው፤ ማወቁን ግን አረጋግጡ። በመኖሪያ ቤት ሥራ ላይ ከሆነ ኃላፊነቱ የእናንተ ነው። እንደ ስብራት ያለው ከባድ ጉዳት ሳይዘገይ ይነገርና በ10 ቀን ውስጥ፣ ከ7 ቀን በላይ ሥራ የሚያስቀረው በ15 ቀን ውስጥ ሪፖርት ይደረጋል። አላፊ አግዳሚ በሥራችሁ ምክንያት ተጎድቶ ከቦታው ለሕክምና ሆስፒታል ከተወሰደም ሪፖርት አለው። ፖል ወይም መሰላል ሽቦ ነክቶ ከሆነ ማንም አይጠጋ፤ ለሰው ሕይወት 999፣ ለኤሌክትሪክ ኩባንያው 105 ይደወላል።

8. መላክና ማደስ

ሁሉንም በአንድ ፒዲኤፍ አድርጉ፦ መጀመሪያ ኢንሹራንስ፣ ከዚያ ሪስክ አሰስመንት፣ ሜተድ ስቴትመንት፣ ኮሽ ካለ ኮሽ። በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ የሕንፃው አድራሻ፣ ቀንና ፊርማ ይኑር። ከመላካችሁ በፊት የኢንሹራንሱን ማብቂያ ቀን እዩ፤ ወረቀት ተመላሽ የሚሆነው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ዓመት ሲሞላ ማደስ የተለመደ ነው፤ ፖል ከቀየራችሁ፣ ሕንፃው አዲስ በር ካወጣ ወይም ለጥቂት የተረፈ አደጋ ካለ ግን ዓመቱን አትጠብቁ። አሮጌውን ቅጂ አትደምስሱ፤ ቀኑን በፋይሉ ስም ላይ ጨምራችሁ አስቀምጡት፤ የካሳ ጥያቄ ሥራው ካለቀ ከሁለት ዓመት በኋላም ሊመጣ ይችላል፤ ያኔ የሚፈለገው በዚያ ቀን ሥራ ላይ የነበረው ቅጂ ነው።