«ትራምፖሊኑ ጠበበን» ከማለታችሁ በፊት

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ አካባቢ ጓሮ ያለው ቤት የገዛ አበሻ፣ ልጆች ካሉት አንድ ቀን ትራምፖሊን መጠየቁ አይቀርም። ከሳሩ እኩል ሆኖ መሬት ውስጥ የሚቀበረው ለዓይን ያምራል፣ መሰላል አይፈልግም፣ ንፋስ አንስቶ ጎረቤት ግቢ አይጥለውም። ጣጣው መጠኑን መቀየር ካስፈለገ እንደገና መቆፈር መሆኑ ነው። እኔ ሦስት ጊዜ ቆፍሬያለሁ። በሦስቱም ጊዜ ቤት ውስጥ የተባለው «ጠበበ» ነበር፤ በእርግጥ የጠበበው ግን አንዴ ብቻ ነው።

ልጁ ሲወርድ ሞላዎቹ ላይ ያርፋል

ይሄ እውነተኛ የመጠን ችግር ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር የፍሬሙን ስፋት እንጂ የሚዘለልበትን ሸራ አይነግራችሁም። 12 ጫማ የሚባለው ከዳር እስከ ዳር 3.66 ሜትር ነው፤ ከዚህ ላይ በሁለቱም ጎን ያሉት ሞላዎችና ብረቱ ግማሽ ሜትር ገደማ ይወስዳሉ። 8 ጫማው ሲቀነስለት የሚተርፈው 2 ሜትር ገደማ ነው። ልጄ ሰባት ዓመት ሲሞላት የገዛሁት እሱን ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ ቁመቷ ሲጨምርና ከፍ ብላ መዝለል ስትጀምር፣ ተረከዟ ሞላዎቹን የሚከልለው ሽፋን ላይ ማረፍ ጀመረ።

መፍትሄው ልጁ ዛሬ ላለበት ዕድሜ ሳይሆን ከአምስት ዓመት በኋላ ለሚደርስበት መግዛት ነው። እስከ አሥራዎቹ ዕድሜ ለሚያገለግል 12 ወይም 14 ጫማ ክብ ይበቃል። ጂምናስቲክ የሚማርና መገልበጥ የሚወድ ልጅ ካላችሁ ግን አራት ማዕዘኑን አስቡበት፤ 10 በ17 ጫማ የሚባለው የተለመደ ልክ ነው። ክቡ የሚዘለውን ሰው ወደ መሃል ይስበዋል፣ አራት ማዕዘኑ ደግሞ ቀጥ አድርጎ ይመልሰዋል። ለረጅምና ቀጭን ጓሮም ይመቻል።

ከመክፈላችሁ በፊት ጓሮው መሃል ካስማ ትከሉ፣ ገመድ እሰሩና በዱቄት ክቡን አስምሩት። ከዚያ ከመስመሩ ውጭ በሁሉም አቅጣጫ 2 ሜትር ባዶ ቦታ ጨምሩ። 14 ጫማው 4.27 ሜትር ነው፤ ከዳርና ዳሩ ጋር ከ8 ሜትር በላይ ይፈልጋል ማለት ነው። አጥር፣ የዛፍ ግንድ ወይም የባርቤኪው ምድጃ እዚያ ውስጥ ከገባ አንድ ልክ ዝቅ በሉ። ቀና ብላችሁም ቅርንጫፍና ሽቦ እዩ።

አይነጥርም፣ ሽፋኑም ጧ ጧ ይላል

ብዙ ሰው «ትንሽ ስለሆነ ነው» ብሎ ትልቅ የሚገዛው እዚህ ላይ ነው፤ ትልቁ ደግሞ ይብሳል። ሸራው ወደ ታች ሲወርድ እንደ አንጥረኛ ወናፍ አየር ይገፋል። ከመሬት በላይ በእግሩ የቆመ ትራምፖሊን አየሩን በዙሪያው ያስወጣል፤ የተቀበረው ግን ግድግዳው አፍኖ ይይዝበታል። መውጫ ያጣ አየር ዝላዩን ይገድለዋል፣ በጠርዝ በኩል ሲያመልጥም ሽፋኑን አንስቶ ያጋጨዋል። ሸራው በሰፋ ቁጥር የሚገፋው አየር ይበዛል።

ለማረጋገጥ ሽፋኑን አውልቁና አንድ አዋቂ ብቻ መሃል ላይ ቀስ ብሎ ይዝለል፤ ልጆች አይጠጉ። ልዩነቱ ከተሰማችሁ ችግሩ አየር ነው። አየር የሚያሳልፍ ቀዳዳ ያለው ሽፋን መግዛት፣ ፍሬሙን ከሳሩ ጥቂት ሴንቲሜትር ከፍ ማድረግ፣ ወይም ከጉድጓዱ ወደ ውጭ የአየር ቱቦ መዘርጋት ይቻላል። ከሦስቱ እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ አካፋ አያስፈልገውም።

እግር መሬት ይነካል

8 ጫማውን በ12 ስቀይር ጉድጓዱን ወደ ጎን አሰፋሁት እንጂ አላጠለቅኩትም። ልጆቹ ሲዘሉ ምንም አላልንም። የትንሿ ልጄ ክርስትና ቀን አጎቴ ከነክራባታቸው ወጥተው፣ እልልታ ሲቀልጥ ሦስት ጊዜ ዘለሉ። በሦስተኛው ከሥር ዷ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሲወርዱ ተረከዛቸውን እያሹ «ይሄ ነገር ወለል አለው እንዴ?» አሉ።

ሸራው ሲሰፋና ሰው ሲከብድ የሚወርደው ጥልቀት ይጨምራል። ለ12 እና ለ14 ጫማ መሃሉን ከ90 ሴንቲሜትር እስከ 1 ሜትር አድርጉት፤ አምራቹ ከዚህ በላይ ካለ የእሱን ያዙ። ጉድጓዱ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ይሁን፣ ዳሩ ጠለቅ ያላለ፣ መሃሉ የጠለቀ። ዳር እስከ ዳር ቀጥ አድርጎ መቆፈር አፈሩን ያበዛል፣ ጠርዙንም ያስንዳል። መመርመሪያው ቀላል ነው፦ ባዶ ካርቶኖች ደራርባችሁ ከሸራው ሥር መሃል ላይ አቁሙና ከቤቱ ሰው ከባዱ ይዝለል። የታችኛው ካርቶን ጭምር ከተጨፈለቀ ገና ቁፋሮ አለባችሁ።

የአፈሩ ነገር መጠኑን ሊያስቀይራችሁ ይችላል። 14 ጫማ ጉድጓድ በአማካይ 60 ሴንቲሜትር ጥልቀት ቢኖረው ከ8 ሜትር ኩብ በላይ አፈር ይወጣዋል፤ ሲፈታ ደግሞ ያብጣል። ፒክአፕ ስንት ጊዜ ቢመላለስ ነው? ኮንትራክተሩ የነገራችሁ ዋጋ አፈሩን ማንሳትን እንደሚጨምር ሥራው ሳይጀመር ጠይቁ።

ከዝናብ በኋላ ውሃ ይተኛል

እኛ አካባቢ ቀይ የሸክላ አፈር ይበዛል፤ ውሃ አይመጥም። ጉድጓዱ ኩሬ ይሆናል፣ ትንኝ ይፈላበታል፣ ሞላዎቹ ይዝጋሉ። መጠን ከመምረጣችሁ በፊት መሃል በሚሆነው ቦታ ላይ 1 ሜትር የሚጠልቅ ጠባብ ጉድጓድ ቆፍሩና ውሃ ሙሉበት። በማግስቱ ጠዋት ውሃው እዚያው ካለ ሁለት መንገድ አለ፦ ወይ ከሥሩ ጠጠር አልብሶ ዝቅ ወዳለው የግቢው ክፍል የሚያፋስስ ቱቦ መቅበር፣ ወይ አነስ ያለ ልክ መርጦ ግማሹን ከመሬት በላይ መተው። ጓሮው ሜዳ ከሆነ ቱቦው የሚያፈስበት ስለማይኖረው ፓምፕ ያስፈልጋል።

ልጆቹ ይጋጫሉ

ይሄን ትልቅ በመግዛት አትፈቱትም፤ ቦታው ሲሰፋ የሚወጣው ልጅ ይበዛል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መግለጫ ከትራምፖሊን ጉዳቶች ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚደርሱት ብዙ ሰው አብሮ ሲዘል ነው ብሏል። አካዳሚው እንዲያውም ትራምፖሊን በመኖሪያ ግቢ ጭራሽ ባይኖር ይመርጣል። መሬት ውስጥ መቀበሩ ከከፍታ መውደቅን ይቀንሳል እንጂ ሸራው ላይ የሚደርሰውን አይከለክልም። አንድ በአንድ ይዝለሉ፤ ከስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ትልቁ ላይ አይውጣ። ድግስ ያለ ቀን እኔ ደጃፉ ላይ ወንበር አስቀምጬ አንድ አዋቂ አስቀምጣለሁ፤ ተራ አስከባሪ ካልነው ደስ ብሎት ይቀመጣል። የቤት ኢንሹራንሳችሁም ትራምፖሊን ይሸፍን እንደሆነ ደውላችሁ ጠይቁ፤ የማይሸፍን አለ።

አንድም አካፋ ከማንሳታችሁ ጥቂት የሥራ ቀናት ቀደም ብላችሁ ለሚቆፍር ሰው ወደተዘጋጀው የስልክ ቁጥር፣ 811፣ ደውሉ። በነፃ መጥተው ከመሬት በታች ያለውን መስመር በቀለም ያሳያሉ፦ ቀይ መብራት፣ ቢጫ ጋዝ፣ ሰማያዊ የመጠጥ ውሃ፣ አረንጓዴ ፍሳሽ፣ ብርቱካናማ ስልክና ኢንተርኔት። ከቆጣሪው ወዲህ እናንተ ራሳችሁ ያስገባችሁትን፣ ለምሳሌ ሣር ማጠጫውን ወይም የባርቤኪውን ጋዝ፣ አያሳዩም። የእኔ ጓሮ ላይ በዱቄት ያሰመርኩት 14 ጫማ ነበር። ቢጫው መስመር የክቡን ጠርዝ ቆርጦ አለፈ፤ ካስማውን ነቅዬ ወደ ቤቱ አስጠጋሁት፣ ገመዱንም ወደ 12 አሳጠርኩት።