የጨለመ ፊትን በሌየር ማስክ ማብራት

ኢሬዘር (ማጥፊያው መሣሪያ) ያጠፋው የፎቶ ክፍል ፋይሉ ተቀምጦ ከተዘጋ በኋላ አይመለስም። ሌየር ማስክ፣ ማለትም በአንድ ሌየር (በፎቶው ላይ የሚደረብ ንብርብር) ላይ የሚሆን መሸፈኛ፣ ግን ይሸፍናል እንጂ አያጠፋም። ማስኩ ላይ ነጭ የተቀባው ቦታ ይታያል፣ ጥቁር የተቀባው ይደበቃል፣ ግራጫው ደግሞ በከፊል ይታያል። ከዚህ የዘለለ ሕግ የለውም።

ለመለማመጃ ከጀርባው ብርሃን መጥቶ ፊቱ የጨለመ ሰው ፎቶ ይመረጣል። ደረጃዎቹ የተጻፉት ለፎቶ ማስተካከያው ፕሮግራም ለፎቶሾፕ ነው፤ በብሮውዘር በሚሠራው ፎቶፒያ ላይም አሠራሩ ተቀራራቢ ነው።

1. ከሌየርስ ፓነል ግርጌ ግማሹ ጥቁር ግማሹ ነጭ የሆነውን ክብ ምልክት ተጫኑና ከርቭስን (ብርሃንን በመስመር የሚያስተካክለውን) ምረጡ። የመስመሩን መሃል ይዛችሁ ፊቱ በደንብ እስኪታይ ወደ ላይ ሳቡ። የቀረውን አትዩት፤ ጀርባው ቢነጣም ግድ የለም።

2. ከርቭሱ ነጭ ማስክ ይዞ ነው የሚመጣው። ማስኩን አንዴ ተጫኑትና የኮንትሮልና የአይ (I) ቁልፎችን (በማክ ኮማንድና አይ) አብራችሁ ተጫኑ። ማስኩ ጥቁር ይሆናል፣ ፎቶውም ወደ ነበረበት ይመለሳል።

3. የቢ (B) ቁልፍን ተጭናችሁ ብሩሽ አውጡ። ዲ (D) ስትጫኑ የፊተኛው ቀለም ነጭ ይሆናል። ሃርድነስ (የጠርዙን ጥንካሬ) 0፣ ኦፓሲቲ (የቀለሙን ድፍንነት) 100፣ ፍሎው (ቀለሙ የሚፈስበትን መጠን) 15 ከመቶ አድርጉ።

4. ፊቱን ቀቡ። ፍሎው ዝቅ ስላለ ብርሃኑ የሚጨምረው ደጋግማችሁ ባለፋችሁ ቁጥር ነው፤ አትቸኩሉ። ጆሮና ፀጉር ጋ ስትደርሱ ብሩሹን አሳንሱ። አንገትና እጅንም ትንሽ ንኩ፤ አለዚያ ፊቱ ከሌላ ፎቶ ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል።

ጀማሪን በብዛት የሚያደናግረው የተመረጠው ሌየር ነው። ፊቱ ብሩህ በመሆን ፈንታ ነጭ ቀለም ከለበሰ ማስኩ ላይ ሳይሆን ፎቶው ላይ እየቀባችሁ ነው። ኮንትሮልና ዜድ ብላችሁ መልሱትና ማስኩን ተጫኑ፤ ዙሪያውን ክፈፍ ሲይዝ ተመርጧል ማለት ነው።

ሌላው ችግር ጭንቅላቱ ዙሪያ የሚቀር ነጭ ጥላ ነው፤ ብሩሹ ከፊቱ አልፎ ጀርባውን ስለነካ የሚመጣ። ኤክስ (X) ስትጫኑ ቀለሙ ወደ ጥቁር ይዞራል፤ ያለፈውን በዚያ ሸፍኑት። የት እንዳለፋችሁ በዓይን ካልለያችሁት ኦልትን (በማክ ኦፕሽንን) ይዛችሁ ማስኩን ተጫኑ፤ ማስኩ ብቻውን በጥቁርና ነጭ ይታያል፣ የተዘለለውም ነጠብጣብ ሁሉ ይጋለጣል። ሺፍትን ይዛችሁ ስትጫኑት ደግሞ ማስኩ ለጊዜው ሥራውን ያቆማል።

ብርሃኑ በዛ ካላችሁ እንደገና መቀባት አያስፈልግም፤ የከርቭሱን ሌየር ኦፓሲቲ ወደ 70 አካባቢ ማውረድ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ፋይሉን በፒኤስዲ (ሌየሮችን በሚይዘው የፎቶሾፕ የፋይል ዓይነት) አስቀምጡ፤ ጄፔግ ሌየሮቹን ጨፍልቆ አንድ ስለሚያደርጋቸው ማስኩ አብሮ ይጠፋል።