ሙቀት የሚችል ኬልፕ እንዴት ይለያል?

የምሠራው ሲያትል አቅራቢያ ባለ አንድ የባሕር ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ባዮሎጂ የሚማሩ የሰፈር ልጆች "ግን እንዴት አድርጋችሁ ነው የምትለኩት?" እያሉ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ አሠራሩን ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ለማያውቀው ሰው፦ ኬልፕ ቡናማ የባሕር አልጌ ነው። እዚህ ፒዩጄት ሳውንድ በሚባለው የባሕር ወሽመጥ ውስጥ ደን የሚሠራው ቡል ኬልፕ የሚባለው ነው። ድንጋይ የሚጨብጥበት እግር አለው። ከእግሩ ረጅም ቀጭን ግንድ ይወጣል፣ ግንዱ ጫፍ ላይ በጋዝ የተሞላ ኳስ አለ፣ ከኳሱ ደግሞ ረጃጅም ቅጠሎች ውሃው ላይ ይዘረጋሉ። በአንድ ወቅት ከ20 ሜትር በላይ ሊያድግ ይችላል። አብዛኛው ግን የክረምቱን፣ ማለትም የቀዝቃዛውን ወቅት ማዕበል አያልፍም። በሚቀጥለው ዓመት ደን እንዲኖር በየዓመቱ ከዘር መወለድ አለበት ማለት ነው።

ችግሩም ያለው እዚሁ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2016 ሰሜን ምሥራቅ ፓስፊክን የመታው የሙቀት ማዕበል ሲመጣ፣ ኬልፕ የሚግጡትን ጃርት መሳይ የባሕር እንስሳት የሚበላው ትልቁ ኮከብ ዓሣም በበሽታ አልቆ ነበር። በሰሜን ካሊፎርኒያ ከቡል ኬልፑ ደን ከ90 በመቶ በላይ ጠፋ። እኛ ዘንድ በደቡብ ፒዩጄት ሳውንድ ደኑ ቀስ እያለ፣ በአሥርት ዓመታት ውስጥ ነው የሳሳው። ብዙ ሰው ሙቀት ኬልፕን የሚገድለው ትልቁን ተክል አቅልጦ ይመስለዋል። እሱም አለ። የባሰው ግን ዓይን የማያየው ነው፦ ትልቁ ቆሞ እያለ ልጆቹ አይወለዱም። ስለዚህ ፈተናችሁን ከልጆቹ ጀምሩ።

ከመሰብሰባችሁ በፊት

ፈቃድ አውጡ። ለምርምር የሚሰበሰብ ነገር ሁሉ የግዛቱ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የአካባቢውን ነባር ሕዝቦችም ሳታነጋግሩ ወደ ውሃ አትግቡ። በደቡብ ፒዩጄት ሳውንድ የስኳክሲን፣ የኒስኳሊና የፑያሉፕ ሕዝቦች እ.ኤ.አ. በ1854 በተፈረመው የሜዲሲን ክሪክ ውል የማጥመድ መብታቸውን አስጠብቀዋል። ባሕሩን ከእኛ በፊት የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የትኛው ደን መቼ እንደሳሳ ከእነሱ መስማት ብዙ ወራት ይቆጥብላችኋል።

ከአንድ ቦታ ብቻ አትሰብስቡ። ቢያንስ አንድ ቀዝቃዛና አንድ ሞቅ ያለ ቦታ ያስፈልጋችኋል። ታኮማ ናሮውስ በሚባለው ጠባብ የባሕር መተላለፊያ ላይ ጅረቱ ኃይለኛ ስለሆነ ውሃው ይደበላለቃል፣ ይቀዘቅዛል። ስኳክሲን ደሴት ጋ ደግሞ በበጋ፣ ማለትም በሞቃቱ ወቅት ውሃው ከ16 ዲግሪ ያልፋል፣ ናይትሮጅኑም ይቀንሳል። እዚያ የነበረው ኬልፕ በጣም ተመናምኗል። ስለዚህ የምትወስዱት በጣም ጥቂት ይሁን፤ ግንዱን ሳትቆርጡ ከቅጠሉ ላይ ዘር የያዘውን ቁራጭ ብቻ።

ዘር የያዘው ክፍል ሶረስ ይባላል። ከቅጠሉ ይልቅ ጠቆር ያለ ረዘም ያለ ሞላላ ነው። የበሰለው ጥቁር ቸኮሌት ይመስላል፣ ጠርዙም በቀላሉ ለቀቅ ይላል። ቡል ኬልፕ ሲደርስ ራሱ ቆርጦ ይጥለዋል፣ ወደ ባሕሩ ወለል ይሰምጣል። ፈዘዝ ያለውን ተዉት፣ አልደረሰም። የእያንዳንዱን እናት ተክል ቁራጭ በየራሱ ከረጢት አስገቡና ላዩ ላይ ቁጥር ጻፉ። እናቶችን ከቀላቀላችሁ ሙቀት የቻለው የማን ልጅ እንደሆነ መቼም አታውቁም። በእርጥብ ወረቀት ጠቅልላችሁ ኩለር ውስጥ አድርጉ፤ በረዶው በቀጥታ አይንካው።

ዘሩን ማስለቀቅ

ላብራቶሪ ስትደርሱ ቁራጩን በተጣራ የባሕር ውሃ እጠቡ። ጀርም በሚገድለው፣ በጣም በቀጠነ ፖቪዶን አዮዲን ውስጥ ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ ንከሩት፣ ከዚያ ደጋግማችሁ አለቅልቁ። በእርጥብ ወረቀት ጠቅልላችሁ ጨለማ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት 10 ዲግሪ በሆነ ንጹሕ የባሕር ውሃ ውስጥ ብርሃን ላይ ስታስቀምጡት ዘሩን ይለቃል። ውሃው ቀጠን ያለ ሻይ ይመስላል። ወዲያው ጠብታ ወስዳችሁ በማይክሮስኮፕ እዩ። ስፖሮቹ፣ ማለትም የተለቀቁት ደቃቅ ዘሮች፣ ወዲህና ወዲያ እየተሽከረከሩ መዋኘት አለባቸው። ቆመው ከሆነ ሌላ ቁራጭ ሞክሩ።

ስፖሮቹን ሳትቆጥሩ ሳህን ላይ አታፍስሱ። ይህ ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፣ ውጤቱን የሚያዛባው ግን እሱ ነው። ስፖሩ ሳህኑ ላይ ተጣብቆ ወንድ ወይም ሴት የሆነ ደቃቅ ክር ይሆናል፤ ጋሜቶፋይት የሚባለው ይህ ነው። ሴቷ እንቁላል ስታወጣ ኬሚካል ትለቃለች፣ የወንዱ ዘር በዚያ ተስቦ ይመጣል። ርቀቱ ግን ውስን ነው። በአንድ ካሬ ሚሊሜትር አንድ እንኳን የማይደርሱ ከሆነ መገናኘት ይከብዳቸዋል። አንዱ ሳህን ከመነሻው ሳስቶ ከነበረ፣ ልጅ ያጣው በርቀት ሆኖ ሳለ እናንተ "ሙቀት ነው" ትላላችሁ።

ስለዚህ ሁሉንም ሳህን መጀመሪያ 10 ዲግሪ ላይ አስቀምጡ። አንድ ቀን ይጣበቁ። ውሃውን ቀይሩ፣ ምግብ ጨምሩ፣ እያንዳንዱን ሳህን ቁጠሩ። እኩል መሆናቸውን ካያችሁ በኋላ ነው ወደ ሙቀት የምትልኳቸው። ዳያተም የሚባሉት አልጌዎች ከወረሩባችሁ በጣም ትንሽ ጀርማኒየም ዳይኦክሳይድ ያቆማቸዋል። ሲበዛ ግን ኬልፑንም ስለሚጎዳ ለሁሉም ሳህን እኩል ስጡ።

ሙቀቱ

10፣ 12፣ 14፣ 16፣ 18 እና 20 ዲግሪ ጥሩ መሰላል ነው። ቦታ ካላችሁ 17ን ጨምሩ። ለቡል ኬልፕ ትግሉ ያለው በ16 እና በ18 መካከል ነው፤ በቤተሰብና በቤተሰብ (በአንድ እናት ልጆችና በሌላዋ ልጆች) መካከል ልዩነት የሚታየውም እዚያ ነው። ሁሉም የሚኖርበትና ሁሉም የሚያልቅበት ዲግሪ ስለ ቤተሰቦች ልዩነት ምንም አይነግራችሁም። በአንድ ጊዜ አታሙቋቸው። በቀን አንድ ዲግሪ ያህል ከፍ ማድረግ ባሕሩ ከሚያደርገው ጋር ይቀራረባል።

ሙቀቱን የሚቆጣጠረውን ማሽን ማሳያ አትመኑ። አንዱን ሳህን ያለ ኬልፕ በእኩል ውሃ ሙሉት፣ ትንሽ የሙቀት መዝጋቢ አስገቡበትና ከሌሎቹ ጎን አስቀምጡት። መብራት ሲበራ ሳህኑ ውስጥ ያለው ውሃ ሳህኖቹ ከተቀመጡበት ገንዳ ይልቅ ሊሞቅ ይችላል። የምትፈልጉት ልዩነት የአንድ ዲግሪ ከሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሞቅ ባለው ሳህን ውሃው ቶሎ ስለሚተንም ጨውነቱ ይጨምራል፤ ፓራፊልም በሚባለው ስስ የላብራቶሪ ፕላስቲክ ሸፍኑት።

አንድ ገንዳ 18 ዲግሪ ሆኖ ውስጡ ሃያ ሳህን ቢኖር፣ ሃያ ፈተና አደረግን ማለት አይደለም። ያ ገንዳ አንድ ችግር ቢኖርበት ሃያውም አብረው ይታመማሉ። ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሦስት የተለያዩ ገንዳዎች ይኑሩ። አቅም ከሌለ ደግሞ ሙከራውን ዲግሪውን ከገንዳ ገንዳ እያቀያየራችሁ ድገሙት።

ናይትሮጅንን አትርሱ። በበጋ የሞቀው የላይኛው ውሃ ከታች ካለው ቀዝቃዛና ምግብ ካለው ውሃ ጋር አይደባለቅም። ኬልፑ ሙቀትና ረሃብ አብረው ነው የሚመጡበት። ላብራቶሪ ውስጥ ጠግቦ 18 ዲግሪን የቻለ ቤተሰብ ባሕር ውስጥ ሲራብ ላይችል ይችላል። ግማሹን ሳህን በሙሉ ምግብ፣ ግማሹን በትንሽ ምግብ አሳድጉ። ሥራው እጥፍ ይሆናል፣ አውቃለሁ። ያለዚያ ግን መልሱ ለላብራቶሪው ብቻ ነው የሚሆነው።

ምን ትቆጥራላችሁ?

በሦስትና አራት ሳምንት ውስጥ በቀዝቃዛዎቹ ሳህኖች ላይ ልጆች ይታያሉ። ቀስ ብላችሁ ተመልከቱ። ሴቷ ክር አንዷ ሴሏ ትረዝማለች፣ ጫፏ ይከፈታል፣ ክቡ ቡናማ እንቁላል ወጥቶ አፏ ላይ ይቀመጣል። ከተዳቀለ እዚያው ቆሞ ይከፈላል፦ መጀመሪያ በአንድ ረድፍ፣ ከዚያ ጎን ለጎን፣ በመጨረሻ ጠፍጣፋ ትንሽ ቅጠል። ቀጥ ያለና እኩል ከሆነ ጤነኛ ጨቅላ ኬልፕ ነው። አንዳንዱ እንቁላል ግን ሳይዳቀልም መከፈል ይጀምራል። ያ ጠማማ፣ ያበጠ፣ ቅርጽ የሌለው ይሆናል። በሞቀው ሳህን ጠማማ ስታዩ እንደ ልጅ አትቁጠሩት፤ ለብቻው መዝግቡት።

አራት ነገር ጻፉ፦ በሕይወት ያሉ ክሮች፣ እንቁላል ያወጡ ሴቶች፣ ጤነኛ ጨቅላዎች፣ የጨቅላዎቹ ርዝመት። ክሮቹ በሕይወት መኖራቸው ብቻ ሊያስደስታችሁ አይገባም። ጋሜቶፋይት ጠንካራ ነው፤ ልጅ መውለድ ባቆመበት ሙቀትም ይኖራል። ደን የሚሆነው ሦስተኛው ቁጥር ነው። እኔ ከሌሎቹ ሁሉ በፊት የማየው እሱን ነው።

ከዚያ ምንም ያልወለዱትን ሞቃት ሳህኖች አትጣሉ። ወደ 12 ዲግሪ መልሷቸውና ጠብቁ። አንዳንዱ ቤተሰብ ሙቀቱ ሲያልፍለት ይወልዳል። አንዳንዱ እዚያው ያበቃል። ባሕር ላይ ሙቀት እንደ ማዕበል መጥቶ የሚያልፍ ስለሆነ ይህ መረጃ ከባድ ዋጋ አለው።

ትልቁን ተክል ለመፈተን ከቅጠሉ እኩል ክብ ቁራጮች ቁረጡ፣ በየዲግሪው አስቀምጡ፣ ፍሎሮሜትር በሚባለው መሣሪያ የብርሃን አጠቃቀሙን ለኩ። ጤነኛው 0.7 አካባቢ ይሰጣል፤ እየወረደ ከሄደ ተጨንቋል። ይህኛው ፈጣን ነው፣ የልጆቹን ፈተና ግን አይተካም።

አሸናፊውን መምረጥ

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። አንድ ምርጥ ቤተሰብ አግኝቶ ባሕሩን በእሱ መሙላት ያጓጓል። የእኛ ገበሬዎች ግን በአንድ ማሳ ቅይጥ የገብስ ዘር ሲዘሩ የኖሩት በከንቱ አልነበረም፤ አንዱ ዋግ ሲመታው ሌላው ይተርፋል። ከላይ የወጡትን በርካታ ቤተሰቦች ያዙ። በ18 ዲግሪ የበረታው በ10 ዲግሪም ጥሩ እንደሚያድግ አረጋግጡ፤ በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ውሃው ቀዝቃዛ ነውና። ዘሩንም ከትውልድ ቦታው ብዙ አታርቁት። በአውስትራሊያዋ ታዝማኒያም ተመራማሪዎች ከሞት ከተረፉት ግዙፍ ኬልፖች ሙቀት የሚችሉ ቤተሰቦችን ለይተው መልሰው ተክለዋል፤ መነሻቸው እዚያው የተረፈው ነው።

ክሮቹን ለማቆየት ቀይ ብርሃን በቂ ነው። ሰማያዊ ብርሃን ካላገኙ አይወልዱም፣ ዝም ብለው ክር ሆነው ይበዛሉ፤ በ10 ዲግሪ ለዓመታት ይቆያሉ። ወንዱንና ሴቷን ለይታችሁ በየጠርሙሱ አስቀምጡ። የእናቱን ቁጥር፣ የተሰበሰበበትን ቦታና ቀን ጠርሙሱ ላይም ደብተሩ ላይም ጻፉ። ከእያንዳንዱም ሁለት ጠርሙስ አድርጉና በተለያየ ፍሪጅ አስቀምጡ፣ አንዱ ፍሪጅ ቢበላሽ ቤተሰቡ እንዳይጠፋ። ለመትከል ስትፈልጉ ወንድና ሴቱን ቀላቅሉ፣ ነጭ ብርሃን ስጡ፣ ጨቅላዎቹን ክር ወይም ጠጠር ላይ አሳድጉ። ወደ ውሃ የምታወርዷቸው በክረምቱ ማብቂያ ነው፣ ውሃው ገና ቀዝቃዛ፣ ምግቡም ሙሉ እያለ። የሙቀት መዝጋቢ አብራችሁ እሰሩባቸው፤ በበጋ ያየው ሙቀት ከላብራቶሪው መሰላል በየትኛው እርከን ላይ እንደነበር የሚነግራችሁ እሱ ነው።