የቆየ የሕክምና ወረቀት ሳይኖር የሕክምና ማሪዋና ካርድ ማውጣት፦ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ

«ከዚህ በፊት የታከምኩበት ወረቀት የለኝም፤ ካርዱን ይሰጡኛል?» ለሚለው ጥያቄ በዋሽንግተን አካባቢ አንድ መልስ የለም። ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ)፣ ዲሲ ከተማና አሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ) በአንድ ከሰዓት በኋላ ተዳርሰው የሚያልቁ ሰፈሮች ናቸው። ሕጋቸው ግን ለየቅል ነው፤ ወሳኙም መታወቂያዎ ላይ ያለው አድራሻ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች፣ ወሮችና ቀኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ነገር እናስቀድም። የአሜሪካ ዜጋ ካልሆኑ፣ ግሪን ካርድ ቢኖርዎትም እንኳ፣ ከመመዝገብዎ በፊት ስለ ኢሚግሬሽን የተጻፈውን ክፍል ያንብቡ። በእኛ ማኅበረሰብ ሰው የሚጨነቀው ወረቀት ስለሌለው ነው። ብዙውን ጊዜ ችግር የሚያመጣው ግን በዚህ ሂደት አዲስ የሚፈጠረው ወረቀት ነው።

ዲሲ

ከሦስቱ ቀላሉ ይህ ነው። ከ2022 ጀምሮ ዕድሜው 21 የሞላ ሰው ለራሱ ራሱ ያረጋግጣል፤ ሐኪም የለበትም፣ የምርመራ ውጤትም አይጠየቅም። የከተማው የአልኮልና ካናቢስ አስተዳደር ድረ ገጽ ላይ ገብተው ቅጹን ይሞላሉ፣ በመንግሥት የተሰጠ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ያያይዛሉ፣ ለሕክምና እንደሚጠቀሙበት ፈርመው ክፍያውን ይፈጽማሉ። የዲሲ ነዋሪ ያልሆነ ሰውም ለአጭር ጊዜ የሚያገለግል ምዝገባ ማግኘት ይችላል። ከ18 እስከ 20 ዓመት ያለ ግን የሐኪም ምስክርነት ያስፈልገዋል። በ30 ቀን መግዛት የሚቻለው እስከ 8 አውንስ፣ ማለትም 227 ግራም ገደማ ነው።

በዲሲ «ካርድ እናወጣልዎታለን» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው የሚሸጥልዎ እርስዎ በስልክዎ የሚጨርሱትን ሥራ ነው። ከተማው ውስጥ ሰፊ የፌዴራል መሬት እንዳለም አይዘንጉ፤ ሮክ ክሪክ ፓርክና ናሽናል ሞል የፌዴራል ስለሆኑ ካርዱ እዚያ አይሠራም። አውሮፕላን ማረፊያም ማሪዋናውን ይዘው አይሂዱ።

ቨርጂኒያ

ቨርጂኒያ ከ2018 ወዲህ የተወሰነ የበሽታ ዝርዝር የላትም። የተመዘገበ ሐኪም፣ ነርስ ፕራክቲሽነር ወይም ፊዚሺያን አሲስታንት «ይህን ሕመም ይረዳዋል» ብሎ ካመነ የጽሑፍ ሰርተፊኬት ይሰጣል። ከሐምሌ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከዚያ ወዲያ ለክልሉ መመዝገብ ግዴታ አይደለም፤ ሰርተፊኬቱንና መታወቂያዎን ይዘው ዲስፔንሰሪ (ፈቃድ ያለው የማሪዋና መደብር) መሄድ ብቻ ነው። ሰርተፊኬቱ ቢበዛ አንድ ዓመት ያገለግላል፤ ሐኪሙ ሊያሳጥረው ይችላል። የ30 ቀኑ ጣሪያ 4 አውንስ ነው።

ልብ ይበሉ፦ ሕጉ ዝርዝር የለውም ማለት ሕመም አያስፈልግም ማለት አይደለም። የሚመረምርዎ ሰው መዝገቡ ላይ የሕመሙን ስም መጻፍ አለበት። የቆየ ወረቀት ከሌለዎት ያንን ስም የሚያገኘው ከእርስዎ አፍ ነው። ወደዚህ እንመለሳለን።

ሜሪላንድ

እዚህ ሰው የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉን ነው። መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሳይሆን ሜሪላንድ ካናቢስ አስተዳደር ዘንድ ይመዘገባሉ። የሕመምተኛ ቁጥር ይሰጥዎታል፤ ሐኪሙ ምስክርነቱን ሲስተሙ ውስጥ የሚያስገባው በዚያ ቁጥር ነው። ቁጥር ሳይዙ ለምርመራ የከፈሉ ሰዎች ሐኪሙ ቢስማማም ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ።

ሜሪላንድ የበሽታ ዝርዝር አላት፦ ከባድ ወይም ሥር የሰደደ ሥቃይ፣ ከባድ ማቅለሽለሽ፣ የሚጥል በሽታ፣ የማይለቅ የጡንቻ መኮማተር፣ ግላኮማ፣ ከአደጋና ከሰቀቀን በኋላ የሚመጣው ፒቲኤስዲ፣ ሰውነትን የሚያመነምን በሽታና የምግብ ፍላጎት ማጣት። ከነዚህ ውጭ ደግሞ ሌላ ሕክምና ያልፈታው ማንኛውም ከባድና ሥር የሰደደ በሽታ የሚል ሰፊ በር ተከፍቷል። ሐኪሙ የሕመም ታሪክዎንና አሁን ያሉበትን ሁኔታ መመርመር አለበት። ታሪክ ማለት ግን የግድ ከሌላ ሆስፒታል የመጣ ፋይል አይደለም። ወረቀት ካልመጣ አልቀበልም የሚሉ ክሊኒኮች አሉ፤ ያ የክሊኒኩ የራሱ ደንብ ስለሆነ ቀጠሮ ሲይዙ «የቆየ ማስረጃ ትጠይቃላችሁ?» ብለው ቀድመው ይጠይቁ።

ካርዱ የግድ ያስፈልግዎታል ወይ የሚለውንም ያስቡበት። ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ሜሪላንድ ውስጥ 21 ዓመት የሞላው ሰው ያለ ካርድ መግዛት ይችላል። ካርዱ የሚጠቅመው በሁለት ነገር ነው፦ ከሐምሌ 2025 ወዲህ 12 በመቶ የደረሰውን የሽያጭ ግብር ያስቀራል፣ የሚገዙትንም መጠን ያሰፋል፤ ለሕመምተኛ በ30 ቀን እስከ 120 ግራም የደረቀ የማሪዋና አበባ ይፈቀዳል። በወር አንዴ ትንሽ ለሚገዛ ሰው የሐኪሙ ክፍያ ከግብሩ ይበልጥበታል። ይህን ክፍያ ኢንሹራንስም፣ ሜዲኬይድም፣ ሜዲኬርም አይሸፍኑትም።

ሐኪሙ ፊት

ቀጠሮው በቪዲዮ ከሆነ ብዙ ጊዜ አይወስድም። በዚያች አጭር ጊዜ የቆየውን ወረቀት የሚተካው የእርስዎ ንግግር ነው፤ የእኛ ሰው የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ «እንዴት ነዎት?» ሲል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይባላል፤ እሱም «ደህና ነኝ» የሚለውን መዝገቡ ላይ ያሰፍራል። ምስጋናውን አይተዉት፤ ግን «ወገቤ ስለማያስተኛኝ ነው የመጣሁት» የሚለውን ያስከትሉበት።

ሁለተኛው ችግር ቋንቋ ነው። አማርኛ ለሕመም ያለው ቃል ብዙ ነው፤ ተርጓሚው ግን ሁሉንም «ያመኛል» በሚለው ሊያልፈው ይችላል። ለሐኪሙ ልዩነቱ ትልቅ ነው። የሚያቃጥል፣ የሚነዝርና የሚደነዝዝ ከሆነ ሐኪሙ ነርቭን ይጠረጥራል። የሚጠዘጥዝ ወይም የሚቆረጥም ከሆነ መገጣጠሚያንና ጡንቻን ያስባል። ውጋት ሲባል ደግሞ ጎን ነው ወይስ ደረት የሚለውን በጣት ያሳዩ። «ልቤን ያመኛል» ብለው ጨጓራዎን ማለትዎ ከሆነ ደረትዎን ሳይሆን ሆድዎን ይንኩ፤ አለዚያ ምርመራው ወደ ልብ ሕመም ይዞራል። «ብርድ መታኝ» የሚለውም እንግሊዝኛ ሲሆን ጉንፋን ነው። የጉልበትዎን ነገር እንጂ ጉንፋን ለማለት አልነበረም።

ከመግባትዎ በፊት በአንድ ገጽ ላይ እነዚህን ይጻፉ፦ ሕመሙ የጀመረበትን ወርና ዓመት፣ የት እንደሆነና ወዴት እንደሚሄድ፣ ከዜሮ እስከ 10 ሲመዘን በደህና ቀንና በመጥፎ ቀን ስንት እንደሆነ፣ ምን ከማድረግ እንደሚያግድዎት (ስንት ሰዓት እንደሚተኙ፣ ስንት ደቂቃ ቆመው መሥራት እንደሚችሉ)፣ የሞከሩት መድኃኒት ስሙ፣ መጠኑና ለምን እንደተዉት። «አይቡፕሮፌን 600 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ ለሁለት ወር ወሰድኩ፣ ጨጓራዬን ስላስቸገረኝ ተውኩት» የሚል አንድ መስመር «ብዙ መድኃኒት ሞክሬያለሁ» ከሚለው አሥር እጥፍ ይሻላል። ሁልጊዜ 10 ከ10 የሚል ሰው ደግሞ አይታመንም፤ ሐኪሙ ተረጋግተው ተቀምጠው ያይዎታል። ለፒቲኤስዲ ብዙዎቹ 20 ጥያቄ ያለው ፒሲኤል-5 የተባለ መጠይቅ ይሰጣሉ። ጥያቄው ስላለፈው አንድ ወር ነው፤ ስላለፈው ዘመን አይደለም።

የሚደበቅ ነገር የለም። ዋርፋሪን (ደም የሚያቀጥን መድኃኒት) የሚወስድ፣ የልብ ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ በራሱ ወይም በቤተሰቡ ስኪዞፍሬኒያ የታየ ሰው ይህን ሳይናገር ካርድ ቢያገኝ የሚጎዳው ራሱ ነው።

ፋይል ባይኖርም የሚያገለግል ወረቀት

ብዙ ሰው «ምንም የለኝም» የሚለው ቤቱን ሳይፈትሽ ነው። የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ ያለው ስምና ቀን ማስረጃ ነው። ፋርማሲው ያለፉ ዓመታትን ዝርዝር ባንድ ጊዜ አትሞ ይሰጥዎታል። ኢንሹራንስ የላከው የክፍያ መግለጫ፣ ከድንገተኛ ክፍል ሲወጡ የተሰጠ ወረቀት፣ የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ፣ የመኪና አደጋ ፋይል፣ ሁሉም ይቆጠራሉ። ከኢትዮጵያ የመጣ የሐኪም ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሳይተረጎም ይነበባል፤ ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተጻፈ ግን ጎኑ ላይ የፈረንጁን ይጻፉበት። አለበለዚያ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ2012 ወረቀት ከእውነተኛ ዕድሜው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት የበለጠ አሮጌ ይመስላል። አሜሪካ ውስጥ ታክመው ከሆነ ክሊኒኩ የራስዎን ፋይል በጥያቄዎ በ30 ቀን ውስጥ የመስጠት የፌዴራል ግዴታ አለበት።

ከዜሮ ለሚጀምር ሰው የሚሻለው አንድ ጊዜ ተራ የቤተሰብ ሐኪም ማየት ነው። ኢንሹራንስ ለሌለው በገቢ ልክ የሚያስከፍሉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች አሉ፤ የፌዴራል ድጎማ ስለሚያገኙ ተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለባቸው። እዚያ ስለ ወገብዎ ወይም ስለ ማይግሬንዎ ይታከሙ፤ ሲጨርሱ የቀጠሮውን ማጠቃለያ ያሳትሙ። ላዩ ላይ «ኤም 54.50» (የወገብ ሕመም) ወይም «ጂ 89.29» (ሥር የሰደደ ሕመም) የመሰለ ኮድ ካለ የሚፈልጉትን አግኝተዋል።

ስም

ማመልከቻዎች ከሕመም ይልቅ በስም ይሰናከላሉ። «ገብረመድኅን» አንዱ ወረቀት ላይ አንድ ቃል ነው፣ ሌላው ላይ ለሁለት ተከፍሎ «መድኅን» የአባት ስም ሆኗል። የአያት ስም አንዱ ጋ አለ፣ ሌላው ጋ የለም። መመሪያው ቀላል ነው፦ ሁሉንም ነገር ልክ መንጃ ፈቃድዎ ላይ እንዳለው፣ ክፍተቱን ሳይቀር፣ ይጻፉ። ሐኪሙም በዚያው ፊደል ይጻፍ። ክልሉ ማመልከቻውን ቢመልሰው መጀመሪያ የሚያጣሩት ይህንን ነው፣ ቀጥሎ የፎቶውን ጥራት።

አጭበርባሪውን መለየትም ከባድ አይደለም። ሐኪም ሳያይዎት «መቶ በመቶ ይጸድቃል» የሚል፣ ካልጸደቀ ገንዘብ የማይመልስ፣ የሐኪሙን ሙሉ ስም የማይናገር ሰው ይቅርብዎ። ሐኪሙ በሚኖሩበት ክልል ፈቃድ የሌለው ከሆነ ፊርማው ዋጋ የለውም።

ኢሚግሬሽን

ማሪዋና በፌዴራል ሕግ ከ1970 ጀምሮ ቁጥጥር የሚደረግበት ዕፅ ነው፤ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የሚሠራውም በፌዴራል ሕግ ነው። በሚያዝያ 2019 መሥሪያ ቤቱ ባወጣው መመሪያ መሠረት ክልሉ ቢፈቅድም ማሪዋና መጠቀም ወይም በማሪዋና ንግድ መሥራት ለዜግነት የሚጠየቀውን «መልካም ሥነ ምግባር» ሊያሳጣ ይችላል። የወንጀል ፍርድ አያስፈልግም፤ ራስዎ ማመንዎ ይበቃል። ካርዱ፣ የዲስፔንሰሪ ደረሰኙ፣ ስልክዎ ውስጥ ያለው ፎቶ ደግሞ ያንን የእምነት ቃል የሚጠይቅ ኦፊሰር የሚነሳባቸው ናቸው። ከአዲስ አበባ ሲመለስ ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የሚጠየቅ ግሪን ካርድ ያዥንም ይህ ይመለከተዋል።

ግሪን ካርድ ለማግኘት የሚደረገው የሕክምና ምርመራም ስለ ዕፅ ይጠይቃል። የዕፅ ሱስ ወይም አላግባብ መጠቀም ተብሎ ከተመዘገበ ሰውየው ብቁ አይሆንም፤ ነፃ ሆነ ለመባል 12 ወር መቆየት አለበት። ዲቪ ደርሶት የመጣ፣ የአሳይለም ጉዳዩ ያልተዘጋ፣ ለዜግነት ያመለከተ ወይም ሊያመለክት ያሰበ ሰው ከካርዱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያናግር። በማመልከቻ ላይ መዋሸት መፍትሔ አይደለም፤ እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ጥፋት ነው። ሥቃዩን የሚያስታግስ ሌላ ሕጋዊ ሕክምና ካለ የዜግነቱ ጉዳይ እስኪያልቅ በዚያ መቆየት ይሻላል እንላለን።

ዜጋ ለሆነም ቢሆን የጦር መሣሪያ ለመግዛት የሚሞላው የፌዴራል ቅጽ ስለ ማሪዋና ይጠይቃል፤ በሴክሽን 8 (የፌዴራል የቤት ኪራይ ድጎማ) ወይም በመንግሥት ቤት ለመግባት የሚያመለክት ሰውም በዚሁ ሊከለከል ይችላል። የከባድ መኪና ሾፌሮች ነገር ግን ከሁሉም ይለያል። ሲዲኤል (የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ያለው ሰው የሚመረመረው በፌዴራል የትራንስፖርት ደንብ ነው፤ ሽንት ውስጥ ቲኤችሲ (የማሪዋናው የሚያሰክር ንጥረ ነገር) ከተገኘ የሜሪላንድ ካርድ ቢያሳይ ውጤቱ አይቀየርም። ውጤቱ ክሊሪንግሃውስ በተባለው ብሔራዊ መዝገብ ይገባል፣ ከኅዳር 2024 ጀምሮ ደግሞ ክልሉ ሲዲኤሉን ዝቅ ያደርገዋል። «ሲቢዲ ብቻ ነው የተቀባሁት» ማለትም አያድንም፤ እነዚያ ከዚሁ ተክል የሚወጡ የማያሰክሩ ተብለው የሚሸጡ ዘይቶች ውስጥ ቲኤችሲ ሊኖር ይችላል፣ መርማሪውም ሰበቡን አይቀበልም።